ማዶው ስም ይለምዳል

ትርሲት ሎጁን የመረጠችው ለወንዙም ለጉሬዛዎቹም ብላ አልነበረም፤ ኔትወርክ የለውም ስላሏት ነው። ዓመት ሙሉ ስልክ በጠራ ቁጥር ባሏ አስናቀ ተነሥቶ በረንዳ ሲወጣ፣ በሩን ከኋላው ገርበብ ሲያደርግ፣ ሲመለስም «የቢሮ ነው» ሲል ከርሟል፤ እሷም «እሺ» ስትል ከርማለች። ባለፈው መስከረም ደግሞ ስልኩን በምስጢር ቁጥር ቆለፈው። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሚስት ሆና ቁጥሩን መጠየቁ አሳፈራትና ሆድ ይፍጀው ብላ ዝም አለች። ስለዚህ ከቦንጋ ወዲያ፣ የሦስት ሰዓት የጭቃ መንገድ አልፎ፣ ማንም ለማንም ሊደውል የማይችልበት ቦታ እንዳለ ስትሰማ በማግሥቱ የዓመት ፈቃዷን ሞላች። ባሏን ለአምስት ቀን ለብቻዋ ልታገኘው ነው።

ሎጁ በግንድ እግር ላይ የቆሙ ስድስት የእንጨት ቤቶች ነው፤ ሁሉም ፊታቸውን ወደ ወንዙ አዙረዋል። የዝናብ ወቅት ስለሆነ ከእነሱ ሌላ እንግዳ አልነበረም። ወንዙ ደፍርሶና ሰፍቶ፣ አልፎ አልፎ የተሰበረ ቅርንጫፍ እያገላበጠ፣ ጆሮ ካልሰጡት በማይሰማ ድምፅ ይወርዳል። ከማዶ ወዲያውኑ ጥብቅ ደኑ ይጀምራል። በጠራራ ፀሐይ እንኳ ከመጀመሪያዎቹ ዛፎች ወዲያ ያለው አይታይም፤ ቅጠሉ በቅጠል፣ ሐረጉ በግንድ ላይ ተደራርቦ ብርሃኑን እዚያው ዳር ላይ ያስቀረዋል። ነፋስ ከዚያ በኩል ሲመጣ የበሰበሰ ቅጠልና የእርጥብ ቅርፊት ሽታ ይዞ ይመጣል፤ ከሥሩም ሳይታጠብ የከረመ የጠጅ ጋን ሽታ የመሰለ ጣፋጭ ነገር አለው።

የሎጁ ኃላፊ አቶ አዴሎ ሠላሳ ዓመት የደን ጥበቃ ሆነው የሠሩ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሽማግሌ ናቸው። ቁልፉን ሲሰጧቸው እንዲህ ብለው አሳሰቡ፦

«ስትወጡ መስኮት ዝጉ፣ ጦጣ ይገባል። ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ወደ ውኃው አትውረዱ፣ ጉማሬ ለሣር ይወጣል። ደግሞ እዚህ እስካላችሁ ድረስ በስም አትጠራሩ።»

«በስም ደግሞ ለምን?» አለ አስናቀ እየሳቀ።

«ማዶው ስም ይለምዳል» አሉ አቶ አዴሎ። እሳቸው አልሳቁም።

ትርሲትም ሳቀች። «አንተ» እና «አንቺ» መባባል ከጀመሩ ስንት ዘመናቸው፤ የባሏን ስም የምትጠራው ሲነድዳት ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ቀን እንዳሰበችው አለፈ። ጉሬዛዎቹ ነጭ ጭራቸውን እያንጠለጠሉ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲዘሉ አዩ፤ ሶረን የሚሉት ወፍ ቀይ ክንፉን ዘርግቶ ወንዙን ሲሻገር አስናቀ በጣቱ አሳያት። ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ጥሎ ረሳው። ማታ ማንኮራፋቱ ጣሪያውን ሲያንቀጠቅጥ፣ ለወትሮው በክርኗ ጎሸም የምታደርገው ሴት ፈገግ ብላ አዳመጠችው። ይህን ማንኮራፋት የሚሰማ ሌላ ሰው የለም ብላ አሰበች።

በሁለተኛው ቀን ከምሳ በኋላ እሷ ውስጥ ሆና ልብስ ስታጥፍ እሱ በረንዳው ላይ ወደ ወንዙ ዞሮ ተቀምጦ ነበር። ከማለዳ ጀምረው ሲያገሱ የነበሩት ጉሬዛዎች በድንገት ዝም አሉ፤ ወፉም ዝም አለ፤ ከጣሪያው ጠርዝ የሚንጠባጠበው የዝናብ ውኃ ድምፅ ብቻ ቀረ። በዚያ ዝምታ መካከል አስናቀ፣ ለስለስ ባለ ድምፅ፣ «ወዬ» አለ።

ትርሲት የያዘችውን ሸሚዝ አልጋው ላይ ጣል አድርጋ ወጣች።

«ማንን ነው ወዬ የምትለው?»

«አንቺን ነዋ። ጠራሽኝ እኮ።»

«አልጠራሁህም።»

«እንግዲያ ጆሮዬ ነው» አለና ወደ ወንዙ ዞረ።

ሌላ ሴት ብትሆን ነገሩን እዚያው በተወችው። ትርሲት ግን የዚህን ሰውዬ አመላለስ ታውቃለች። ስትጠራው «እ» ይላል፤ ሥራ ላይ ከሆነ «ምንድን ነው?» ይላል፤ ከተጣሉ ደግሞ ለአለቃ እንደሚመልስ «አቤት» ይላል። «ወዬ» ያላት በእጮኝነታቸው ዘመን ነበር፤ ከሠርጉ በኋላም አንድ ሁለት ዓመት ቆይቷል፤ ከዚያ መቼ እንደቀረ እንኳ አታውቅም። አሁን ከየት መጣ? ለማንስ ሲቀመጥ ኖሮ?

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አስናቀ ጢሙን ተላጨ። ሽቶ ተቀባ። አራት ሰዓት ሳይሞላ ወንበሩን ወደ በረንዳው ጫፍ አስጠግቶ ተቀመጠ፤ ፊቱ ላይ እሷ በደንብ የምታውቀው፣ ለእሷ ግን ካሳየው ብዙ ዘመን የሆነው ፈገግታ ነበር። ጉሬዛዎቹ ዝም ባሉ ቁጥር አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። እሷም ትንፋሿን ይዛ ከጎኑ ቆማ አዳመጠች። ውኃው ይሰማል፤ ከውኃው በላይ፣ ከማዶ ጨለማ ውስጥ፣ ሰው ከማውራቱ በፊት ጉሮሮውን የሚጠራርገውን የመሰለ ስስ ነገርም ይሰማል።

«ምን ትልሃለች?» አለችው። ትልሃለች ማለቷን ልብ ያለችው ከአፏ ካወጣችው በኋላ ነው።

«ማን?»

«የምትጠራህ።»

አስናቀ እንደተደነቀ አያት። «አንቺ ነሽ እኮ። ድምፅሽን አጣዋለሁ እንዴ?» አለና ትንሽ አሰበ። «የድሮው ድምፅሽ ነው። ደስ ይል የነበረው።»

ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ ትርሲትን ግን የወሰዳት እያስቀና ነው። ሰው መፍራት ያለበት እዚህ ላይ ነበር። እሷ ያንገበገባት ግን «የነበረው» የምትለዋ ቃል ናት። በአርባ አምስት ዓመቷ፣ ሰው በማይረግጠው ደን ውስጥ ያለች አንዲት ሴት ድምፅዋን ሰርቃ ባሏን ስታሽኮረምምባት ቆማ ማየቷ ነው ያቃጠላት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አስናቀ ጋደም አለ። እሷ በጭቃው እየተንሸራተተች ወደ ወንዙ ወረደች። የሎጁ ጀልባ በገመድ ከግንድ ጋር ታስሮ ውኃው ላይ ይወዛወዛል። ዝናቡ አባርቶ ጉሙ ከውኃው ሲነሣ የማዶ ዛፎች እስከ ወገባቸው ጠፍተው ነበር፤ በግንዶቹ መካከል የሰው ቁመት ያለው፣ ከጨለማው የባሰ ጥቁር ነገር ቆሞ አየች፤ ወይም ያየች መሰላት። ወገቧን ይዛ፣ ሰፈር ውስጥ ጎረቤት እንደምትሰድብ ሴት ጮኸች።

«ስሚ! አስናቀ ባለትዳር ነው! ሚስቱ እኔ ነኝ!»

ጩኸቷ ውኃው ላይ ሄደና ጠፋ። ከቆይታ በኋላ ከማዶ መልስ መጣ።

«አስናቀ» አለ።

የገደል ማሚቶ ናት ብላ ራሷን ልታረጋጋ ሞከረች። የገደል ማሚቶ ግን ከዚያ ሁሉ ጩኸት አንዷን ቃል ብቻ መርጣ አትመልስም። ድምፁም የሃያ ሦስት ዓመት ትርሲት ድምፅ ነበር፤ የመጨረሻዋን ፊደል ምግብ እንደሚቀምስ ሰው ምላሱ ላይ ያቆያታል። ደገመው። ሁለተኛውን በደንብ ለምዶታል።

ሮጣ ስትመለስ አልጋው ባዶ ነው። አንሶላው ገና ይሞቃል። ወደ በረንዳው ወጥታ ወደ ማዶ ስታይ አስናቀ እዚያ ነበር። ጀርባውን ሰጥቷት፣ አንድ እጁን ወደፊት ዘርግቶ፣ እጁን ይዞ የሚመራው ሰው እንዳለ ሁሉ በጉሙ ውስጥ ወደ ዛፎቹ ይራመዳል። ጠርታው ቢሆን ይዞር ነበር። ስሙ እስከ ጉሮሮዋ መጣ። ዓመት ሙሉ የዋጠችው ነገር ግን ቀድሞ ደረሰና «ይሂድ!» አለች፤ ጀርባዋን ሰጥታ ገባች፤ አልጋው ላይ ተደፍታ አለቀሰች።

ግማሽ ሰዓት ያህል ሲሆን በሩ ተከፈተ። አስናቀ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ይዞ ገባ፤ አንዱን ሰጣትና አጠገቧ ተቀመጠ። ጫማው ደረቅ ነበር። በመስኮቱ ስታይ ጀልባው ከዚህኛው ወገን እንደታሰረ ነው። ሁለቱንም ነገር አይታለች፤ አንድ ላይ ማሰቡን ግን አልፈለገችውም።

«የት ሄደህ ነበር?» አለችው።

«የትም። ካንቺ ወዴት እሄዳለሁ?» አለ።

ያን ምሽት ከአጠገቧ አልተነሣም። ሁለት ቀን ሲበሉት የከረሙት ትንኞች እሷን ብቻ መረጡ፤ እሱ ላይ አንድም አላረፈም። ጠረኑ የዝናብ አፈር ሆኗል፤ ከሥሩም ያ ጣፋጭ ነገር አለበት። መሳቢያውን ከፍታ ስልኩን ስትሰጠው በሁለት ጣቱ ይዞ ገለበጠው፣ አየው፣ መልሶም መዳፏ ላይ አኖረላት።

«አንቺ ያዥው። ምን ያደርግልኛል?»

«ቁጥሩስ?»

«የምን ቁጥር?» አለ ፈገግ ብሎ።

መፍራት፣ መጮኽ፣ ወደ አቶ አዴሎ መሮጥ ነበረባት። እሷ ግን ደስ አላት። የተኛው ሳያንኮራፋ ነው፤ ትንፋሹን ለመስማት ጆሮዋን ደረቱ ላይ ብትለጥፍ የሚሰማው የሚወርድ ውኃ ድምፅ ብቻ ነበር። ተነሥታ በሩን ቆለፈችና ቁልፉን ትራሷ ሥር አስገባች። ማንም እንዲጠራው አልፈለገችም።

በማግሥቱ ጠዋት፣ ሁለት ቀን እየቀራቸው፣ ጓዟን ጠቅልላ መኪናው ላይ ጫነች። መሪ ለሚስቱ ሰጥቶ የማያውቀው ሰው ቁልፉን እንኳ ሳይጠይቅ ከጎኗ ገብቶ እጁን ጉልበቷ ላይ አሳረፈ። እጁ ይሞቃል። ሞተሩን ልታስነሣ ስትል ከማዶ የሚጣራ ሰው ድምፅ መጣ።

«አንቺ! ኧረ አንቺ ሴትዮ! አትሰሚም እንዴ? ጀልባ ላኩ በያቸው!»

ድምፁ ጎርንኗል፤ ሌሊቱን ሲጮኽ ያደረ ሰው ድምፅ ነው። ለስላሳነት የሚባል የለበትም። ካልሲው ሲጠፋበት፣ ምሳ ሲዘገይበት፣ ቁልፉን የት አደረግሽው ሲላት አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሰማችው ነጭናጫ ድምፅ ነው፤ ይህን ደግሞ የትኛውም ደን ለምዶ አይለምደውም። ትርሲት ወዲያው አወቀችው። ለመልስ አፏ ሊከፈት ሲል ጉልበቷ ላይ ያለው እጅ ቀስ ብሎ ጠበቅ አደረጋት።

«ምነው ትርሲዬ፣ ቆምሽ?» አላት ከጎኗ ያለው። ትርሲዬ ካላት ስንት ዓመቱ!

አቶ አዴሎ በጭቃው ውስጥ እየተጣደፉ መጡ። ወደ ማዶ አዩ፤ ከጎኗ የተቀመጠውን አዩ፤ ዐይናቸውን ቶሎ ከእሱ ላይ አንሥተው ወደ እሷ መስኮት ጎንበስ አሉ።

«እመቤት፣ ማዶ የሚጣራው ሰውዬ የእርስዎ ነው? ይበሉኝና ጀልባውን አሁኑኑ ልላክለት።»

ትርሲት ጉልበቷ ላይ ባለው ሙቅ እጅ ላይ እጇን አሳረፈች፣ «የእኔ ይኸው» አለችና መስታወቱን ዘጋች።