በሙዝ ክፍሉ የቆመው ማናፈሻ

የሙስዐብ አስከሬን በሙዝ ማብሰያው ክፍል ደጃፍ በጆንያ ተሸፍኖ ተጋድሟል። ሻምበል ካሳሁን ጎንበስ ብሎ ጆንያውን ገለጥ አደረገው። ቁስል የለበትም፤ እንቅልፍ እንደወሰደው ሰው አፉ በትንሹ ተከፍቷል። የወሎ ልጅ ነበር፤ ካርቱም ባሕሪ ባለው በዚህ የፍራፍሬ መጋዘን የጭነት ኃላፊ።

ካሳሁን በአገሩ የወንጀል መርማሪ ነበር። መንግሥት ሲለወጥ ተሰዶ አርካዊት ሰፈር ይኖራል፤ የሐበሻ ጉዳይ ሲገጥመው የሱዳን ፖሊስ ለአስተርጓሚነት ይጠራዋል። ዛሬ ያስጠራው የፖሊስ መኮንን አብዱልወሃብ ግን ነገሩ ያለቀለት መስሎታል፤ ሚኪያስን በካቴና አስሮ የሙዝ ካርቶን ላይ አስቀምጦታል።

መጋዘኑን የሚቆጣጠረውን የኮምፒውተር ፕሮግራም የሠራው ሚኪያስ ነው። ሁሉም ሙዲር የሚሉት ሥራ አስኪያጁ በሽር ለፖሊስ የሰጠው ቃል አጭር ነበር። ጠዋት ከህረባ፣ ማለትም መብራት፣ ጠፍታ ስትመለስ ፕሮግራሙ የተሞላለትን ሁሉ ረስቶ ወደ ዲፎልት ተመለሰ፤ ማናፈሻው ቆመ፤ ከሙዙ የወጣው መጥፎ አየር ታምቆ ሰውየውን ገደለ።

ካሳሁን ሚኪያስ አጠገብ ቁጢጥ አለ።

«ዲፎልት የምትሉት ምንድን ነው?»

«ሲሠራ የተሰጠው መነሻ ነው፣ ጋሼ። ፕሮግራሙ ከሞጁሎች የተገጣጠመ ነው፤ ማቀዝቀዣው ለብቻው፣ ማናፈሻው ለብቻው፣ ስክሪኑም ለብቻው። እኛ የሞላንለት ሲሰረዝ እያንዳንዱ ወደ መነሻው ይመለሳል።»

«የማናፈሻው መነሻስ?»

«መቆም። ሞጁሉ የት እንደሚገጠም አያውቅማ፤ እስኪታዘዝ ይቆማል።»

«የስክሪኑ?»

«እንግሊዝኛ። ዐረብኛ ያደረግኩት እኔ ነኝ።»

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለማንም ያልተናገረውን ነገረው። ሙስዐብን ወድቆ ሲያገኘው መጀመሪያ ሮጦ በኮምፒውተሩ ማናፈሻውን አስነሳ፤ ቀጥሎ ጎትቶ አወጣው። ሌላ የነካው የለም። ማናፈሻው ቆሞ ነበር ቢል ጥፋቱ እሱ ላይ እንደሚላከክ ስለገባው ዝም አለ።

ካሳሁን ወደ ቢሮው ገባ። ኮምፒውተሩ ላይ የምትሠራው ሐበሻዋ ፋሪሃ የሙስዐብ እጮኛ ነበረች፤ ዓይኗ በለቅሶ አብጧል። ቀስ እያለ ሲጠይቃት የሰፈሩ ሰው የሚያንሾካሹከውን አወጣችለት። ካፉሪ ሰፈር ባለው የበሽር ቪላ ትሠራ የነበረችው ኒዕማ ባለፈው ሳምንት ከሰገነት ወድቃ ሞታለች። ፍራፍሬ ሊያደርስ ሄዶ የነበረው ሙስዐብ በሽር ሲገፈትራት አይቷል፤ ነገ ለፖሊስ ሊመሰክር ነበር።

ካሳሁን ስክሪኑን ተመለከተ። ጽሑፉ ሁሉ ዐረብኛ ነው፤ ቅዝቃዜውም በልኩ። «ይኼን ማናፈሻውን ብቻ ወደ ዲፎልት የሚመልሰውን ቁልፍ ብጫነው ምን ይሆናል?» ሲል ጠየቃት።

«የተበላሸው ይስተካከላል፤ ሚኪያስ ወዳደረገው ይመለሳል» አለችው።

ትክ ብሎ አያት። ሌላ አልጠየቃትም።

አብዱልወሃብ ሁሉንም ቢሮው ውስጥ ሰበሰበ። ካሳሁን በዐረብኛ ጀመረ።

«ከህረባዋ ሁሉንም አስረስታ ቢሆን ይህ ስክሪን አሁን እንግሊዝኛ ይሆን ነበር፤ ማቀዝቀዣውም ከልኩ ይወጣ ነበር። የተመለሰው ማናፈሻው ብቻ ነው። መብራት መርጣ አትመልስም። የመረጠው ሰው ነው።»

በሽር ወደ ሚኪያስ ጠቆመ።

«እርስዎ ከካፉሪ ቤትዎ የደረሱት ሙስዐብ ከሞተ በኋላ ነው፤ ያኔ ማናፈሻው ይዞር ነበር» አለው ካሳሁን። «ፖሊስም ሲዞር ነው የደረሰበት። ቆሞ እንደነበር ማን ነገርዎት?»

ሚኪያስ ካለበት ሆኖ፣ የማናፈሻው መነሻ ምን እንደሆነ በሽር በዚሁ ሳምንት ጠይቆት እንደነበር ተናገረ።

ካሳሁን ወደ ፋሪሃ ዞሮ በአማርኛ፣ በዝግታ ጠየቃት።

«ቁልፉን ዛሬ ተጭነሽዋል?»

«ሙዲሩ ደውሎ ‹ማናፈሻው እየጮኸ ነው፤ ወደ ዲፎልት መልሺው› አለኝ። መለስኩት። ደኅና ይሆናል ብዬ…»

ያደረገችው ሲገባት ፊቷ ላይ እያየ፣ ካሳሁን አንገቱን ደፋ። ሙስዐብ ከቀትር በኋላ ሙዙን ለማየት እንደሚገባ የሚያውቀው በሽር፣ ሥራውን ያሠራው በእሷ ጣት ነበር።

ካቴናው ከሚኪያስ ወጥቶ በበሽር እጅ ገባ። ቃል የሚቀበለው ፖሊስ ካሳሁን የተረጎመለትን የፋሪሃን ንግግር ሲጽፍ፣ ቁልፉን የተጫነችው እሷ መሆኗን ብቻ አስፍሮ ሊዘጋው ነበር።

«‹በእሱ ትእዛዝ፣ ሳታውቅ› የሚለውን አልጻፍክም» አለው ካሳሁን። ተጽፎ በድምፅ እስኪነበብለት ከጠረጴዛው አልተነቃነቀም።

ፋሪሃ ግን ሲነበብ አልሰማችም። ወጥታ ከጆንያው አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጣ ነበር።