ጉድጓድ ቁጥር ዘጠኝ

ዶክተር መልከጸዴቅ ሶፋው ላይ በጀርባቸው እንደተንጋለሉ ሞተዋል። እስከ ደረታቸው ጋቢ ለብሰዋል፤ የጋቢው ጫፍ እግራቸው ሥር በጥንቃቄ ተወትፏል። ቀኝ እጃቸው ብቻ ከጋቢው ወጥቶ ወደ በሩ ተዘርግቷል። በሩ አጠገብ ኮታቸው ተሰቅሏል።

የካውንቲው አስተዳደር የአሟሟት መርማሪ አጸደ ምንም ሳትነካ ለረጅም ጊዜ ቆማ አየች። ኮሎምቢያ ሲቲ በሚባለው የአሜሪካ ሰፈር ያለው ይህ አፓርታማ የሟቹ ታላቅ እህት የወርቅዬ ነው። ወርቅዬ ቅዳሜ ማለዳ ልብስ ልታጥብ ወጥታ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ስትመለስ ወንድሟን እንዲህ አገኘችው።

«ልብ ነው» አለ አብሯት የመጣው ሐኪም። «አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ።»

አጸደ ከኮቱ የውስጥ ኪስ ሁለት ነገር አወጣች፦ ያልተከፈተ የልብ መድኃኒትና አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት። ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦ «በጉድጓድ ቁጥር ዘጠኝ የክረምቱ ልኬት የፈጠራ ነው። ኃላፊው እኔ ነኝ። ዩኒቨርሲቲያችን ቁጥሮቹን ይሰርዛል።»

«እትዬ ወርቅዬ፣ የምን ጉድጓድ ነው?»

«የፕሮጀክቱ ነዋ። አምስት የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች ከወንድሜ ትንሽ የክልል ዩኒቨርሲቲ ጋር የከርሰ ምድር ውሃ ይለካሉ። ዛሬ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት የግምገማ ሚቲንግ ነበረው። እኔን ሊጠይቅ ከመጣ ጀምሮ ‹በዚህ ግምገማ ካፈርን ሁለተኛ የሚጠራን የለም› ሲል ነው የሰነበተው።»

የዶክተሩ ላፕቶፕ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቷል። ፊቱ ግን ትራስ ወዳለው ትልቅ ወንበር ሳይሆን በጎን ወደተቀመጠች በርጩማ ዞሯል።

«እዚህች ላይ ነበር የሚሠሩት?»

«ወገቡን የሚያመው ሰው? ያንን ወንበር የገዛሁት ለማን ሆነና!»

ከቀትር በኋላ ሂያብ ከታኮማ መጣች። የዶክተሩ ተማሪ ናት፤ ሚቲንጉን በስልኳ ተከታትላለች።

«ዶክተር ገብተው ነበር?» አለች አጸደ።

«ገብተዋል፤ ካሜራቸው ግን ዝግ ነበር። ሶ፣ ገምጋሚዎቹ ‹የዘጠኝ ቁጥር ውሃ ክረምቱን ሙሉ እንዴት አልጨመረም?› አሉ። ዶክተር አንድ ሰዓት ከሃምሳ ላይ በጽሑፍ መለሱ። ያልጨመረው የፓምፑ እጀታ ተሰብሮ ሴቶቹ ቀኑን ሙሉ በገመድ እየቀዱ ስለነበር ነው፣ ልኬቱ ግን ትክክል ነው አሉ።»

«ስለ ገመዱ ታውቂ ነበር?»

«ሪፖርቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ስለ ገመድ አንድ ቃል የለበትም። ዶክተርም እዚያ ሄደው አያውቁም።»

«ማን ሄዷል?»

ሂያብ አንገቷን ደፋች። «ሰረቀብርሃን ብቻ። የዲቪ ሎተሪ ደርሶት ወደዚህ ከመምጣቱ በፊት የሚለካው እሱ ነበር።»

ሰረቀብርሃን ሲታክ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ይሠራል። አጸደ በማግስቱ ጠባቧ የሥራ ክፍሉ ስትገባ ብድግ ብሎ ወንበሩን ለቀቀላትና እሱ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠ።

«ተው እንጂ፣ ወንበርህ ነው።»

«ኧረ በፍጹም! ታላቅ ቆሞ?»

«ቅዳሜ ማለዳ የት ነበርክ?»

«ሥራ።» ብርቱካንማ ሰደርያውን ጎተት አደረገ። «ዶክተር በዚሁ ፕሮጀክት አውሮፓ ዶክትሬት እንድማር ጽፈውልኝ ነበር። ይህን ሰደርያ ላወልቅ አንድ ወር ቀርቶኝ ነበር።»

ማክሰኞ ሁሉም በወርቅዬ ቤት ተሰበሰቡ። የፕሮጀክቱ አስተባባሪ፣ አንዲት አውሮፓዊት፣ በዶክተሩ ላፕቶፕ ቀረበች፤ ሂያብ ታስተረጉምላታለች።

«አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የሞተ ሰው ከሃያ ደቂቃ በኋላ አይጽፍም» ስትል አጸደ ጀመረች። «የጻፈው ሌላ ሰው ነው። ዶክተሩ ቁጥሮቹን ሊሰርዙ ወረቀት አዘጋጅተው ነበር፤ መልሱ ግን ‹ልኬቱ ትክክል ነው› ይላል። የተሰበረውን እጀታ የሚያውቀው ጉድጓዱን ያየ ብቻ ነው። እሱም ወንበሩ ባዶ ሆኖ ሳለ በርጩማ ላይ ተቀመጠ፤ የመምህሩ ወንበር ስለሆነ። ሰረቀብርሃን፣ አለቃህን ጠይቄያለሁ። ሺፍትህን ቀይረህ የገባኸው ሦስት ሰዓት ላይ ነው።»

ሰረቀብርሃን እጆቹን አየ።

«ማለዳ ጠርተው ወረቀቱን አነበቡልኝ» አለ። «የእጀታውን መሰበርና ገመዱን ከክረምቱ በፊት ሄጄ አይቻለሁ፤ በክረምቱ ግን መንገዱ በጎርፍ ተቆርጦ እቤቴ ቁጭ ብዬ ነው ቁጥር የሞላሁት። እንዲተዉት ለመንኳቸው፤ እምቢ ብለው ወረቀቱን ኮታቸው ውስጥ ከተቱ። ከዚያ ደከመኝ ብለው ጋደም አሉ። ጋቢ አለበስኳቸው። ሚቲንጉ ሲጀመር በስማቸው ገባሁ፤ እሳቸው ‹ኮቴን፣ ኮቴን› አሉ። ወረቀቱን የፈለጉ መሰለኝ።»

«አላቀበልካቸውም።»

«ዝም አልኳቸው። የተኙ መሰለኝ። ሲያልቅ ብነካቸው… ቀዝቅዘዋል። ወጥቼ ሄድኩ።»

«መድኃኒታቸው ከወረቀቱ ጋር አንድ ኪስ ውስጥ ነበር» አለች አጸደ። «ይህ ምን እንደሚባል የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው።»

አስተባባሪዋ አንድ ነገር ጠየቀች። ሂያብ ቀስ ብላ ተረጎመች። «የቅዳሜው መልስ የማን ነው ትላለች።»

ሰረቀብርሃን ተነስቶ በርጩማዋን ሳብ አደረገ። ወርቅዬ የወንድሟን ወንበር በእግሯ ገፋችለት።

«እዚህ ተቀመጥ። ቅዳሜ ያከበርከው ይበቃል።»

ተቀመጠ። ካሜራው ተከፍቶ ፊቱ ስክሪኑ ላይ ወጣ።

«ሰረቀብርሃን እባላለሁ» አለ። «ጉድጓድ ቁጥር ዘጠኝን በክረምቱ አልለካሁም። ዶክተር አልዋሹም።»

ከምስሉ ግርጌ ግን የተጻፈው አሁንም የመምህሩ ስም ነበር።