ከታየች ጋን የተቀዳው የመጀመሪያው ዋንጫ

የምነግራችሁ ውሸት ከሆነ የጌሾ ጣዕም ከምላሴ ይጥፋ። ከዚህ የከበደ መሐላ የለኝም።

ጣልያን አዲስ አበባን በያዘ በሦስተኛው ዓመት ነው። ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ልደታ፣ ታየች ጠላ ቤት።

ጠላ በመቅመስ እኔን የሚያህል አልነበረም። አንዴ ጎንጨት ካልኩ ጌሾው ከየት አገር እንደመጣ፣ እንስራው በወይራ ይታጠን በጥንጁት፣ ጠማቂዋ ስትጠምቅ ተቆጥታ እንደነበር ሳይቀር እናገራለሁ። ከሰንጋ ተራ ድረስ ሰው እየላኩ ያስቀምሱኝ ነበር። አንድ የጣልያን ኮሎኔልም ልኮብኛል... እምቢ አልኩት እንጂ።

የታየች ጠላ ግን ሌላ ነው። ጥቁር ነው፣ ጌሾው የበረታ። መጀመሪያ መንጋጋ ይይዛል፣ ቀጥሎ የተቆላው ገብስ ይመጣል፣ ጭሱ ጉሮሮ ላይ ይቀራል።

አዲስ ጋን በከፈተች ቁጥር የመጀመሪያውን ዋንጫ ለማን እንደምትሰጥ ሰፈሩ ሁሉ ያያል። ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ልቧ ወዴት እንዳዘነበለ የሚታወቀው በዚያ ነው። ያን ዋንጫ የምንመኝ ሁለት ነበርን። እኔና የጣልያን ካሚዮን የሚነዳው ዘነበ።

ገባሁና እንደምን ዋላችሁ አልኩ።

ማንም አልመለሰም...

ጓደኛዬ ሞቱማ መደቡ ላይ ተቀምጧል፤ ቀና አላለም። ሲያየኝ የሚዘለው የታየች ውሻ ጥግ ገብቶ አጉረመረመ።

ዘነበ ገና አልመጣም።

ታየች ጋኑን ከፍታ ቀዳች። እንደ ጠላ ሻጭ ሁሉ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ሳትቀምስ ለሰው ሰጥታ አታውቅም። ያን ቀን አልቀመሰችም። ዋንጫውን ባዶ በርጩማ ላይ አኖረችው።

"ይመጣል..." አለች በሹክሹክታ።

ዘነበ ነዋ። ቅናት ከጌሾ ይመራል።

ሄጄ አነሳሁት። ዓይኗ እያየ በአንድ ትንፋሽ ጨለጥኩት።

አልተቆጣችም። እኔንም አላየችም። የምታየው ዋንጫውን ብቻ ነበር።

መልሼ በርጩማው ላይ ሳኖረው ድምፅ አላሰማም።

ከዚያ በኋላ ጣልያን አሰረኝ፤ እኔን ለመያዝ ግማሽ ሻለቃ ነው የፈሰሰው። ከዓመት በኋላ ስፈታ ታየች ዘነበን አግብታ ደረስኩ። እንዴት እንደተናቅሁ ላገኘሁት ሁሉ አወራሁ። ትናንት ለሞቱማ ስደግምለት ግን ዝቅ ባለ ድምፅ አቋረጠኝ።

"ወንድሜ፣ ያን ቅዳሜ አንተ እኮ አልነበርክም።"

"እንዴት አልነበርኩም?"

"ሐሙስ ነው የወሰዱህ። ታስረህ ነበር። ታየች ዋንጫውን ላንተ ነው ያስቀመጠችው፤ ይፈቱታል፣ ይመጣል እያለች።"

"ዋንጫውን የጨለጥኩት እኔ እኮ ነኝ!"

"ማንም ሳይነካው... በርጩማው ላይ እንዳለ እየጎደለ፣ እየጎደለ ሄዶ ባዶ ሆነ። ሁላችንም አይተናል።"

"ታየችስ?"

"ገድለውታል፣ ነፍሱ መጥታ ጠጣች አለችና... ነጠላዋን አዘቀዘቀች።"