በጥርስ የተፈተነ መድኃኒት

እንደሻው ገብስን በጥርሱ ያውቃል። አሰላ ከተማ ዳር ካለው የገበሬዎች ማኅበር መጋዘን በር ላይ ቆሞ፣ ጆንያውን በሹል ብረት ወጋ አድርጎ፣ ከመዳፉ አንዲት ፍሬ አንስቶ ቀርጠፍ ያደርጋትና «አንደኛ»፣ «ሁለተኛ»፣ ወይም «ውዳቂ» ይላል። ሃያ ዓመት እንዲሁ ሲል ኖሯል። ለብቅል የሚሆን ገብስ ጭኖ ከሩቅ የመጣ ገበሬ ቢያኮርፍም ቃሉን አያጥፍም፤ የእንደሻው ጥርስ አይሳሳትም ይባላልና።

ይህ ሰው ያላወቀው የገዛ ልቡን ነበር። ከስድስት ዓመት በፊት አንድ ማለዳ፣ በጆንያው ክምር መካከል ቆሞ ሳለ፣ ማንም ሳይነካው ልቡ እንደ ደነበረ ፈረስ ጋለበ። እጁ ደነዘዘ፤ አየር አጠረው፤ ሞትኩ አለ። አልሞተም። ግን ከዚያን ቀን ወዲህ «ዛሬ ትመለስብኝ ይሆን?» እያለ ሲጠብቃት ይውላል። አንዱ ሐኪም ልብህ ደህና ነው ብሎ ፈጣን ማስታገሻ ኪኒን ሰጠው፤ ሌላው ጨጓራ ነው አለው። ጠበልም ተጠመቀ። በመጨረሻ የሕመሙን ስም የነገረችው ሲስተር ሙቢና ናት፤ የአእምሮ ጤና ነርስ። «የጭንቀት ሕመም ይባላል፤ ብቻዎን አይደሉም» አለችው።

ብቻውን እንዳልሆነ ያየው ረቡዕ ቀን ነው። ረቡዕ የጭንቀት ታካሚዎች ቀጠሮ ስለሆነ፣ ከክፍሏ ፊት ለፊት ያለው ረጅም አግዳሚ ከዳር እስከ ዳር ይሞላል። እዚያ የሚቀመጥ ሰው ለእናቱ ያልነገረውን አጠገቡ ላለው ሰው ይነግረዋል። ይህ መልካም ነበር። ክፉው ነገር፣ አግዳሚው እያደር ራሱ ሐኪም መሆኑ ነው።

ሲስተር ሙቢና በየወሩ መጨረሻ አንድ ወረቀት ታድላለች። ሦስት ነገር ይጠይቃል፤ የትኛውን ሕክምና ሞከሩ? ከአምስት ስንት ይሰጡታል? ለምን ያህል ጊዜ ተጠቀሙበት? ሰዎች የመጀመሪያዎቹን ሁለት ይሞሉና የመጨረሻዋን ዘለው ይመልሱላታል። እንደሻውም እንዲሁ ያደርጋል። እሱ ለፈጣኑ ኪኒን፣ ያንን በግማሽ ሰዓት ልብን የሚያበርደውን፣ አምስት ይሰጣል። በየቀኑ ለሚወሰደውና ቀስ ብሎ ለሚሠራው ሁለት ይሰጣል። ከነርሷ ጋር እየተነጋገሩ ፍርሃትን ጥቂት በጥቂት የመለማመዱን ሕክምና ግን ዜሮ ብሎ ያልፈዋል። ሌሎቹም አንገታቸውን ሰገግ አድርገው «ጋሼ ስንት ሰጡት?» ይሉና ይገለብጣሉ። ገብስ የሚለይ ሰው መድኃኒት አይጠፋውም ብለው ነው።

በጥር ወር አንዲት ወጣት አግዳሚው ላይ ተጨመረች። ሐመልማል ትባላለች፤ ከኦጎልቾ የመጣች፣ በከተማው አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በሙከራ ጊዜ የተቀጠረች መምህርት። ልጆቹ «ደህና አደሩ» ብለው ሲነሡ ትንፋሿ ይቆረጣል፤ የበሩን መቃን ይዛ ካልቆመች ትወድቃለች። ሁለት ጊዜ ትምህርት አቋርጣ ወጥታለች። ርዕሰ መምህሩ ሦስተኛ እንዳይደገም ብለው አስጠንቅቀዋታል። እናቷ እትዬ አባይነሽ ባሏ ከሞተ በኋላ ያስተማረቻት በግ እየሸጠች ነው። ሐመልማል ከዚያ ክፍል ከተባረረች ወዴት እንደምትሄድ አታውቅም።

እንደሻው አሳዘነችው። የራሱን ልጅ ያየ መሰለው።

«ኪኒኑን ከጀመርሽ ስንት ቀንሽ ነው?» አላት።

«አሥራ ሁለት። አልተሻለኝም፤ እንዲያውም ያቅለሸልሸኛል። ሲስተር ደግሞ ልጆቹ ሳይመጡ ማልደሽ በሩ ላይ ቁሚ፣ ፍርሃቱ እስኪበርድ አትሽሺ፣ በማግስቱ አንድ እርምጃ ግቢ አለችኝ።»

«ያ ኪኒን ሁለተኛ ደረጃ ነው፤ እኔ በዘጠኝ ቀኔ ነው የጣልኩት። በር ላይ መገተሩማ ጭራሽ ውዳቂ። ወሬ ለወሬ ከሆነ ሰፈርሽ ምን አጣ?»

አግዳሚው ሳቀ። እንደሻው ከኮቱ ኪስ የተጀመረ የኪኒን እሽግ አውጥቶ ከቀሩት ስድስቱን ቆርጦ ሰጣት።

«አንደኛ ይሄ ነው» አላት።

ከዳር የተቀመጠው ባለጋሪው ቱሳ፣ ድልድይ በደረሰ ቁጥር ከጋሪው ወርዶ ፈረሱን በእጁ ይዞ የሚሻገረው ቱሳ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። «አቦ፣ ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ስድስት ዓመት አንደኛውን የዋጠ ሰው፣ ከኛ ከውዳቂዎቹ ጋር እዚህ ምን ይሠራል?»

ዳግመኛ ተሳቀ። ከሁሉ አብልጦ የሳቀው እንደሻው ነበር።

በሚቀጥለው ረቡዕ ሐመልማል ፊቷ ፈክቶ መጣች። ቀኑን ሙሉ መቃን ሳትይዝ አስተምራለች። እንደሻውን ጎንበስ ብላ እንደ አባት ሳመችው። ለሲስተር ሙቢና ግን ምንም አልነገረቻትም፤ ቀስ ብሎ የሚሠራውንም መዋጥ አቁማለች፤ በሩ ላይ መቆሙንም ትታለች። ለምን ትቆማለች? አንደኛው ኪሷ ውስጥ ነው።

አንዱ ኪኒን ሁለት ሆነ፤ ሁለቱ ሦስት። የእንደሻው ሲያልቅ አንድ ባለ መድኃኒት ቤት ሐኪም ሳያዝላት ይሸጥላት ጀመር። በጾሙ አጋማሽ የልጆቹ ስም ይጠፋት ነበር ይባላል፤ ጠመኔ እንደያዘች ሰሌዳው ፊት ቆማ ትቀር ነበር። ከዚያ ባለ መድኃኒት ቤቱ ቁጥጥር ፈርቶ በቃኝ አለ። ሐመልማል ሁለት ቀን ያለ እንቅልፍ ዋለች፤ አደረች። ሰኞ ጠዋት፣ ተማሪዎች ተሰልፈው ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል፣ መሬት ላይ ወድቃ ተንፈራገጠች። ትንንሾቹ እየጮኹ ሸሹ። አንዳንዱ ወላጅ የሚጥል በሽታ ነው አለ፤ አንዳንዱ ሌላ ነገር አለ። ሳምንት ሳይሞላ በቦታዋ ሌላ መምህር ተመደበ።

ሲስተር ሙቢና ለአግዳሚው ስትናገር ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ይህን መድኃኒት አብዝቶ ወስዶ በድንገት ያቆመ ሰው እንዲህ ሊሆን እንደሚችል ነገረቻቸው። ማን እንደሰጣት ሐመልማል አልተናገረችም፤ ሲስተርም አልጠየቀቻትም። እንደሻው እጁን ኪሱ ውስጥ እንደከተተ ቀረ።

በዚያው ሰሞን፣ እሱ አንደኛ ብሎ ያሳለፈውን ገብስ የብቅል ገዢዎች መለሱት። አልበቀለም አሉ። እንደሻው ተቆጣ። ገዢዎቹን ለማሳፈር ብሎ ከጆንያው መቶ ፍሬ አንስቶ፣ እርጥብ ጨርቅ ላይ ደርድሮ፣ ሸፍኖ አስቀመጠ። በሦስተኛው ቀን ገለጠው። ያጎነቆሉት ሠላሳ አይሞሉም፤ የቀሩት ወፍራምና ወርቃማ እንደሆኑ ሞተዋል።

ጆንያው ላይ ተቀመጠ። ይህን ከልጅነቱ ያውቀዋል፤ ማንም የገብስ ሰው ያውቀዋል። ጥርስ የሚያውቀው የፍሬዋን ድርቀትና ሙላት ነው፤ መብቀሏን የሚያውቀው እርጥብ ጨርቅና ቀን ነው። አሁን ለገብስ ሦስት ቀን ያልነፈገ ሰው፣ ለሰው ልጅ ሕክምና የሰጠው አንድ ንክሻ ነበር። ሲስተር ሙቢና «ይሄ ኪኒን እስከ ስድስት ሳምንት ይፈልጋል፤ መጀመሪያ ሊያስቸግርዎት ይችላል» ብላው ነበር። እሱ ከአፉ ሲገባ መረረውና ሁለተኛ ብሎ ጣለው። የቱሳ ቀልድ ያን ጊዜ ገባው። የሚሳቅበት ነገር አልነበረውም።

በማግስቱ ኦጎልቾ ወረደ። መንገዱን ሙሉ ሚኒባሱ ውስጥ ልቡ ሲጋልብ፣ ኪሱ ያለውን ኪኒን እየነካ እጁን ሲመልስ ደረሰ። እትዬ አባይነሽ እንግዳ ተቀባይ ናትና ወንበር ሰጠችው፤ ማን እንደሆነ ግን ስሙን ሲናገር አወቀች። ሐመልማል ከመጋረጃው ጀርባ ነበረች። አልወጣችም።

«ልጄ፣ ያኔ የነገርኩሽ ሁሉ...» አለ ወደ መጋረጃው ዞሮ። «እኔ ጨርሼ አልሞከርኩትም። ዘጠኝ ቀን ነው የወሰድኩት። ከሲስተር ጋር የመነጋገሩንም ሁለት ቀን ብቻ ነው የሄድኩት። ተመለሺና ከመጀመሪያው ጀምሪ። እኔም እጀምራለሁ።»

 ውጭ በግ ጮኸች።

«ጋሼ» አለች ሐመልማል በመጨረሻ። ቁጣ አልነበረባትም፤ ድምፅዋ እንደ ደከመው ሰው ነበር። «አሁን ደግሞ ይሄን ስንተኛ ደረጃ አሉት?»

ከወንበሩ ተነሣ። እትዬ አባይነሽ እስከ መንገዱ ሸኘችው። ልጇ ከግቢ እንደማትወጣ፣ ከእንግዲህ የማንንም መድኃኒት እንደማትነካ፣ የነርሷንም ጭምር እንደማትነካ ነገረችው። አልረገመችውም። ብትረግመው ይቀለው ነበር።

በወሩ መጨረሻ እንደሻው ወረቀቱን ሲሞላ ዘሎት የኖረውን ጥያቄ መጀመሪያ ሞላው። ለፈጣኑ ኪኒን፣ ስድስት ዓመት። ለዝግተኛው፣ ዘጠኝ ቀን። ለንግግሩ፣ ሁለት ቀን። ከዚያ ከአምስት የሚሰጠው ቁጥር ጠፋው፤ ባዶውን ተወው። ለሲስተር ሙቢና ሁሉንም ነገራት፤ ለሐመልማል የሰጠውንም። እሷም ፈጣኑን በአንድ ቀን እንዳይጥል፣ በወራት ውስጥ እየቀነሱ እንደሚያስተዉት፣ ከስድስት ዓመት በኋላ ግን ቀላል እንደማይሆን ነገረችው። ቀላልም አልሆነለትም። ዛሬም አንዳንድ ጠዋት መጋዘኑ በር ላይ እግሩ አልታዘዝ ይለዋል።

አንድ ረቡዕ ቱሳ አንዲት አዲስ ሴት ይዞ መጣ። «ደረጃ አውጪያችን እሳቸው ናቸው፤ ጠይቂያቸው» አላት።

«እኔ በጥርሴ ነው የፈተንኩት» አለ እንደሻው። «እዚያች ክፍል ግቢና፣ ሕክምናው ስንት ሳምንት እንደሚፈጅ ጠይቂ። ካስቸገረሽም ለሲስተር ንገሪያት እንጂ የእኛን ወሬ ሰምተሽ አትጣይው።»

ሴትየዋ ያልጠበቀችው መልስ ነበር። ቅር ብሏት ወደ ሌላው ጎኗ ዞረች። እዚያ የተቀመጠው ሰው ደግሞ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለኔ ግን አንደኛ የሆነው...» ብሎ ጀመረ።

ወገኖቼ፣ የታመመ ሰው ስለ ሕክምናው መናገሩ ክፋት የለበትም፤ ሐኪምም ሊሰማው ይገባል። ነገር ግን «ተሻለኝ»፣ «አልተሻለኝም» ከማለታችን በፊት ለስንት ቀን እንደሞከርነው ራሳችንን እንጠይቅ። ለአንዱ የተስማማው ለሌላው መርዝ ሊሆን ይችላል። የኪሳችንን ኪኒን ለሰው አንስጥ። የጀመርነውንም ያዘዘልንን ሳንጠይቅ አናቋርጥ። እንደሻው ይህን አውቋል፤ ያወቀው ግን ሰው ከወደቀ በኋላ ነው።

ሲስተር ሙቢና የሐመልማልን ካርድ ወደ መዝገብ ክፍል አልመለሰችም። በየረቡዑ ተራው ሲደርስ በሩን ከፍታ ስሟን ሦስት ጊዜ ትጠራለች። አግዳሚው ጸጥ ይላል። ከዚያ የሚቀጥለው ስም ይጠራል።