የነፍሳት ሰሞን እንግዳ

ሐሙስ ጠዋት ጉሙ ገና ከታሊን አሮጌ ከተማ ጣሪያዎች ላይ ሳይነሳ፣ መርማሪ ኡርቬ ኪቪ በከተማው ቅጥር ካሉት ማማዎች በአንዱ ውስጥ ተንበርክካ የሞተች ሴት ታይ ነበር። ሟቿ ከጠመዝማዛው የድንጋይ ደረጃ ግርጌ በጎኗ ወድቃለች። ዕድሜዋ ወደ ስድሳ የተጠጋ ሲሆን ግራጫ ካፖርቷ እስከ አንገቷ ተቆልፏል። ኡርቬ የካፖርቱን ኪስ ስትፈትሽ የእጅ ባትሪ አገኘች። ስትጫነው ቦግ አለ።

የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ሄልዱር ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ከበሩ ውጭ ቆሟል። ማማው ከቤቱ ጓሮ ጋር የተያያዘ በመሆኑ ማገዶ ያስቀምጥበታል።

«ለምድጃ እንጨት ልወስድ ስገባ ነው ያየኋት» አለ በሹክሹክታ።

«ለምን ያንሾካሹካሉ?»

«የነፍሳት ሰሞን አይደል? ሙታን ወደየቤታቸው በሚመጡበት ጊዜ ጮክ ብሎ መናገር ደግ አይደለም። እሷም ብትሆን ተጠርታ ነው የሄደችው።»

ኡርቬ አልሳቀችም። እሷም በዚህ ሳምንት ለእናቷ ነፍስ ገበታ ላይ ዳቦና ወተት ትታለች።

«ማን ጠራት?»

«እንጃ። ከሰኞ ጀምሮ ሲመሻሽ እሷ ብቻ የምትሰማው አንድ ድምፅ በስሟ ይጠራታል። እናቷ በልጅነቷ ያወጣችላት የቁልምጫ ስም ነው አለችን እንጂ ስሙን አልነገረችንም። ‹የሚጠራኝ ራሱ ፊቴ እስኪቆም ከአፌ አይወጣም› ነው ያለችው።»

ሟቿ ሌይዳ ራንድ የተወለደችው በእንግድነት ባረፈችበት በዚሁ ቤት ነው። በዓለም ጦርነቱ የመጨረሻ መስከረም፣ በዘጠኝ ዓመቷ፣ በአሣ አጥማጆች ጀልባ ወደ ስዊድን ተሻገረች። አገሯ ነፃ ከወጣች ሁለተኛ ዓመቷ ሆኖ፣ ሌይዳ የልጅነት ከተማዋን ለማየት ስትመለስ ግን ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

«ከሌላ ሰው ከሚሰሙት እኔው ልንገርዎት» አለ ሄልዱር ዓይኑን ሰብሮ። «ቤቱ የአባቷ ነበር። የተወረሰን ቤት ለቀድሞ ባለቤት በሚመልሰው በአዲሱ ሕግ መልሱልኝ ብትል እኔ ሜዳ ላይ ነበርኩ።»

«ብላ ነበር?»

«አላለችም። ትላለች እያልኩ ግን እንቅልፍ አጥቼ ነበር።»

ኡርቬ ባትሪውን አብርታ ደረጃውን ወጣች። እዚህም እዚያም የሰም ጠብታ አለ፤ እስከ ዘጠነኛው ደረጃ ይዘልቃል። ወርዳ እንደገና ሬሳውን አየች። ከወለሉ ርቆ ወደ ላይ በዞረው የግራ እጅጌ ላይ አንዲት ቢጫ ጠብታ ደርቃለች። በጥፍሯ ፍቃ አሸተተቻት። ማር ማር ትላለች።

«እናንተ ቤት ምን ዓይነት ሻማ ነው የምታበሩት?»

«ከሱቅ የምገዛውን ነጩን» አለ ሄልዱር።

የሟቿ ባል የወንድም ልጅ ስቴላን በአክስቱ ክፍል አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ነበር። አብሯት ከስዊድን የመጣ፣ የሠላሳ ዓመት ገደማ ሰው ነው። የዚህን አገር ቋንቋ ከእሷ ተምሯል፤ ቃላቱ ግን እየተንገዳገዱ ነው የሚወጡት።

«ትናንት ተጣላን» አለ። «ይኼ ድምፅ ሊያሳምምሽ ነው፣ እንሂድ ስላት ሳቀችብኝ። ተናድጄ ወጣሁ። ስመለስ በሯ ዝግ ስለነበር የተኛች መሰለኝ።»

«ስሙን ነግራሃለች?»

«ለእኔም አልነገረችም። እኛ ዘንድ ሌይዳ ብቻ ናት።»

ከበድ ያለው ቁም ሣጥን ከቦታው ተገፍቷል።

«ይኼን ማን አነሳው?»

«እኔ ነኝ፣ ማክሰኞ። ግፋልኝ አለችኝና ገፋሁላት። ከዚያ አስወጥታኝ በሩን ቆለፈች።»

ኡርቬ ከቁም ሣጥኑ ኋላ ገባች። በእንጨት ግድግዳው ላይ በቢላ የተጫሩ የቁመት ምልክቶች አሉ፤ ሁለት ሁለት ሆነው ከዓመት ዓመት ከፍ ይላሉ። በየምልክቱ ጎን በልጅ እጅ የተጻፈ ስም አለ፦ ሌይኪ፣ ሜታ። ሌይኪ፣ ሜታ። ኡርቬ ጣቷን በጭረቶቹ ላይ አሳለፈች። ሄልዱርን ጠርታ ብትጠይቀው፣ ቁም ሣጥኑ እሱ ወደ ቤቱ ከገባ ጀምሮ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ንቅንቅ ብሎ እንደማያውቅ ነገራት።

የማረፊያው ምግብ ቤት ውስጥ ማሬት እየጠበቀቻት ነበር። ጥቁር ካባዋን እንደለበሰች ነው፤ ፋኖሷ እግሯ ሥር ተቀምጧል። ለጎብኚዎች የከተማዋን አሮጌ ታሪክ በመንገር የምትተዳደር፣ ወደ ስድሳ የተጠጋች፣ ከተማው ሁሉ የሚያከብራት ሴት ናት። በየዓመቱ በዚህ ሰሞን በጦርነቱ ጊዜ ተወስደው የቀሩትን ሰዎች ስም በቤተ ክርስቲያን ቆማ የምታነበው እሷ ናት።

«ሦስት ቀን አስጎብኝተዋታል» አለች ኡርቬ።

«አዎ። ዝምተኛ ሴት ነበረች። መንገድ ነው የማሳያት፣ ብዙም አናወራም።»

«ሰው የገፋት ይመስልዎታል?»

«ማን ይገፋታል? ያ ሌይኪ፣ ሌይኪ የሚላት ድምፅ ነው አእምሮዋን ያናወጠው። በጨለማ ወጥታ ተሰናከለች።»

ኡርቬ ማስታወሻዋ ላይ ምንም አልጻፈችም። «ስለ ድምፁ ራሷ ነገረችዎት?»

«የለም፣ ከሄልዱር ነው የሰማሁት።»

«ማማው ውስጥ ገብተው ያውቃሉ?»

«በበጋ ሰው ይዤ እገባለሁ። ከነሐሴ ወዲህ ግን አልረገጥኩትም።»

«እርስዎ የዚሁ ከተማ ልጅ ነዎት?»

«የደቡብ ልጅ ነኝ። ለትምህርት መጥቼ እዚሁ ቀረሁ።»

እኩለ ቀን ላይ ሦስቱም በአንድ ገበታ ዙሪያ ተቀመጡ። ሄልዱር ለነፍሳት የተወውን ሳህን አላነሳም፤ ማንም አንሳው አላለውም። ኡርቬ ቆማ በዝግታ ጀመረች።

«ሌይዳ ጨለማ ደረጃ ስትወጣ ባትሪዋን አላበራችም። ባትሪው ደህና ነው፣ ከኪሷም አልወጣም። ታዲያ በምን አየች? ፊት ፊቷ ብርሃን የያዘ ሰው ይሄድ ነበር። ያ ሰው ሻማ ነው የያዘው፤ ሰሙ ደረጃው ላይ ቀርቷል። አንዲት ጠብታ ደግሞ እጅጌዋ ላይ አለች፤ እንደወደቀች ወደ ላይ በዞረው በኩል። ስለዚህ ከወደቀች በኋላ ወርዶ በላይዋ ጎንበስ ያለ ሰው አለ። አይቷት፣ ለማንም ሳይናገር ሄደ።»

ስቴላን ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«ሰሙ ቢጫ ነው፣ ማር ይሸታል። የቤቱ ሻማ ነጭ ነው።» ጎንበስ ብላ የማሬትን ፋኖስ አንስታ ገበታው ላይ አስቀመጠችው። ውስጡ ግማሽ የነደደ ቢጫ ሻማ ነበር።

«እንዲህ ያለ ሻማ በየገበያው ሞልቷል» አለች ማሬት።

«ልክ ነዎት፤ በሻማ ብቻ ሰው አልከስም። ግን ሌይዳ ያንን ስም ለሄልዱር አልነገረችም። ለስቴላንም አልነገረችም። የተጻፈበት ግድግዳ ሠላሳ ዓመት ከቁም ሣጥን ኋላ ነበር። እርስዎ ግን ዛሬ ጠዋት ሌይኪ ብለው ነገሩኝ። ከማን ሰሙት?»

ማሬት ሄልዱርን አየችው።

«እኔ ስሙን አላውቀውም ነበር» አለ ሄልዱር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ከፍ አድርጎ።

«ግድግዳው ላይ ከሌይኪ ጎን አንዲት ልጅ አለች» አለች ኡርቬ። «ሜታ። ሜታ በአገራችን የማን ቁልምጫ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። የማርጋሬታ ነው፤ የማሬትም ነው።»

ጉሙ መስኮቱን ተደግፎ ቆሟል።

«እናቴ የቤቱ ሠራተኛ ነበረች» አለች ማሬት በመጨረሻ። «ከሌይኪ ጋር እንደ እኅትማማች ነው ያደግነው። አባቷ ማማው ውስጥ ተደብቀው ነበር። አንድ ወታደር ስኳር ሰጠኝና ‹ጌታሽ የት ናቸው?› አለኝ። ማማውን በጣቴ ጠቆምኩት፤ ወሰዷቸው፣ በዚያው ቀሩ። በየዓመቱ ስማቸውን እያነበብኩ… ሰው ይህን ቢያውቅ እንዴት ዓይኑን አያለሁ? ፈርታ እንድትሄድልኝ ብዬ ነው የጠራኋት። ትናንት ግን ብርሃኔን ተከትላ ወጣች። ‹ሜታ› አለችኝ። ሁለት እጇን ስትዘረጋ ልትይዘኝ መሰለኝና ገፋኋት።»

ስቴላን ከካፖርቱ ኪስ የታሸገ ፖስታ አወጣ።

«ማክሰኞ ማታ የሰጠችኝ ነው። ለእናቴ የጻፈችው። ፖስታ ቤት ማድረስ ረሳሁ።»

ኡርቬ ክፈተው በሚል ራሷን ነቀነቀች። ቀደደውና ከስዊድንኛ እየመለሰ ቀስ ብሎ አነበበ።

«‹ሜታን አገኘኋት። አስጎብኚያችን ናት፤ እንዳላወቅኋት ነው የምታስበው። ሲመሻሽ ማማው ውስጥ ሆና ልታስፈራራኝ ትጠራኛለች፤ እኔ ግን ድምፅዋን ስሰማ ደስ ይለኛል። በአባቴ ላይ የጠቆመችው እሷ እንደሆነች እናቴ ከመለያየታችን በፊት ነግራኛለች። ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። እኔን ጠይቀውኝ ቢሆን እኔም እጠቁም ነበር። ራሷ እስክትነግረኝ እጠብቃለሁ። ካልነገረችኝ ሄጄ አቅፋታለሁ።›»

ማሬት ካባዋን አንገቷ ላይ አጠበቀች።

«ማክሰኞ ነው ያልከው?»

«ማክሰኞ።»

«ማክሰኞ ምሳ ጋብዛኝ ነበር» አለች ማሬት። «የምናገረው ነገር እንዳለኝ ጠየቀችኝ፤ የለኝም አልኳት።»