የሂናው ቪዲዮ ላይ ያለችው ትንሽ እጅ

አምባሩን ያስተዋልኩት ከሦስት ዓመት በኋላ ነው።

ወላሂ፣ ሰው ነግሮኝ አይደለም። ባለፈው ሐሙስ፣ ከቀኑ አስራ አንድ ሰዓት ላይ፣ እዚሁ ከሚሴ በገዛ ቤቴ የሆነ ነው።

ቪዲዮ እሠራለሁ። የዛሬ ሦስት ዓመት ጨፋ ሮቢት ሄጄ ኢክላስ የምትባል ሙሽራ የሂና ቀኗን ቀርጬ ነበር። ሴቶቹ ፊታችን እንዳይታይ ስላሉኝ፣ የቀረጽኩት የሚያጨበጭቡ እጆቻቸውን ብቻ ነው። ብዙ ሰው ወደደልኝ። ለእኔ ግን እያደር አልዋጥልኝ አለ። እያንዳንዱን እጅ በቅጡ ሳይታይ ቆርጬ አልፌዋለሁ።

ምን አስቸኮለኝ?

እንደገና ላቀናብረው ብዬ ጥሬውን ቅጂ ከፈትኩ።

አንዲት ሴት ጭን ላይ የተቀመጠች ልጅ አለች። የሚታየው እጇ ብቻ ነው። ታጨበጭባለች...

እጇ ላይ ሰማያዊ የጨሌ አምባር አለ።

ለልጄ ለሙና ራሴ የሠራሁላት ነው። ያን ቀን መንገድ ላይ ጠፋ ብዬ የተውኩት።

ግን እኮ ስቀርጽ ሙና ጀርባዬ ላይ ታዝላ ተኝታ ነበር! የእንቅልፍ ትንፋሿ እንኳ ቪዲዮው ላይ ይሰማል።

ታዲያ ይቺ ማን ናት?

ለሙሽራዋ እናት ለእትዬ ኡምኩልሱም ደወልኩ።

"ያን ቀን ሙናን ማን ነበር ያቀፋት?"

"አንቺው አዝለሻት አልነበር እንዴ!" ሳቀች። "አንቺ ደግሞ ድመት ከዘለለች ጅብ ገባ ነው የምትይው።"

"ሌላ ልጅስ አልነበረችም?"

ሳቋ ቆመ።

"አንቺ ከሄድሽ በኋላ... አንዲት ሕፃን ጓሮ ስታለቅስ አገኘናት። 'እማ ጥላኝ ሄደች' ትላለች።"

"ከዚያስ?"

"የኔ ናት ያለ የለም። ወተት ላመጣላት ገብቼ ስወጣ... የለችም።"

ስልኩን ዘጋሁት።

ሙና ምንጣፉ ላይ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። አሁን ስድስት ዓመቷ ነው። ከኋላዋ ሆኜ አንገቷን አየሁ... ጆሮዋን...

ልጄ ናት። ናት አይደል?

"ምን ታዪኛለሽ?" አለች። አልዞረችም።

የመግሪብ አዛን ተሰማ። በሩን ልቀረቅር ተነሳሁ።

ከደጅ... ዝቅ ብሎ...

"እማ..."

የሦስት ዓመት ልጅ ድምፅ ነው። የሙና፣ የያኔው ድምፅ።

"እማ፣ ደከመኝ። ከጨፋ በእግሬ ነው የመጣሁት።"

እጄ በሩ ላይ ቀረ። ብከፍት... ባልከፍት...

ሙና አጠገቤ ቆማለች። ስትነሳ አልሰማኋትም።

"አትክፈቺላት" አለች በሹክሹክታ።

"ማን ናት?"

"ያኔ እኔን መርጠሽ የለ?"

ከደጅ ያለችው ማልቀስ ጀመረች።

እጄን ከበሩ ላይ አነሳሁ።

ሙና በእግር ጣቶቿ ቆማ ተንጠራራች። ቀርቀሪያውን ገፍታ በሩን ቀረቀረችው።