የተሳቢው ዱካ

ሴትዮዋ በደረቷ ተደፍታለች። አንድ እግሯ ላይ ጫማ የለም። ነጭ የነርስ ልብሷ ጭቃ ጠጥቶ ቀለሙ ጠፍቷል።

ያገኟት ከተተወው የድንጋይ ካባ የተረፈ ጠጠር ሊጭኑ የመጡ ሁለት የገልባጭ ሹፌሮች ናቸው። ሬሳውን እንዳዩ ደንግጠው መኪናቸውን ወደ ኋላ ሲመልሱ መሬቱ ላይ ከነበረው ዱካ ግማሹን ደፈጠጡት።

ኢንስፔክተሯ ስትደርስ አንደኛው ሹፌር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ያስመልሰዋል።

«ነክታችኋታል?»

«ኧረ በፍጹም! ዓይኔ ነው የነካት። እሱም ባልነካት ይሻለኝ ነበር።»

ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ አንገቷን አየ። «ታንቃ ነው» አለ። «በእጅ። ትናንት ጠዋት ገደማ።»

ከትናንት በስቲያ የጣለው ዝናብ የካባውን ሸክላ አፈር አላቁጦት ነበር። የትናንቱ ፀሐይ ደግሞ እንደ ጡብ አድርቆታል። ገልባጩ ያልረገጠው ዱካ በላዩ ላይ ተቀርጾ ቀርቷል።

«አለቃ፣ አንድ መኪና ብቻ ነው የገባው» አለ ሳጅኑ። «ሰፊ ጎማ፣ ትልልቅ ጥርስ። የመስክ መኪና ነው፤ ካልሆነም ፒክአፕ።»

የዱካ ባለሙያው ቅርጹን ለመውሰድ ጄሶ እያፈሰሰ ቀና አለ። «የግራው ጥርስ ከቀኙ ጠለቅ ይላል።»

«በግራ በኩል አፈሩ ለስልሶ ነዋ!» አለ ሳጅኑ።

ባለሙያው ጄሶውን ማፍሰሱን ቀጠለ።

ከሰዓት በኋላ ማንነቷ ታወቀ። የሆስፒታል ነርስ ናት። ትናንት ጠዋት የሌሊት ተራዋን ጨርሳ ወጣች። አብራት የምትሠራ ነርስ፣ «ወዴት ነሽ? ቤትሽ በዚህ ነው እንዴ?» ስትላት፣ «ወንድሜ ጋ» ብላ በእግሯ ሄዳለች። ከዚያ ወዲያ ያያት የለም።

ባሏ ቀያሽ ነው። የሥራ ባልደረቦቹ «ሚሊሜትር» ይሉታል፤ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ብርጭቆ እንኳ ካልተስተካከለ አያስችለውም። ኢንስፔክተሯና ሳጅኑ ያገኙት ከከተማው ርቆ ካለ ሐይቅ ዳር፣ ከካምፕ ተሳቢው ደጃፍ ላይ ነው። ተሳቢው ከላይ ድንኳን፣ ከውስጥ ፍራሽና ማብሰያ ያለው፣ በሁለት ጎማ የሚጎተት ትንሽ ቤት ነው። መኪናው ላይ እንደተቆለፈ ቆሟል።

ሲነግሩት የተሳቢው መወጣጫ ላይ ዘጭ ብሎ አለቀሰ። እንባው እውነተኛ ነበር። ኢንስፔክተሯ ይህን በኋላም አልካደችም።

«ለምን ብቻዎን መጡ?» አለችው።

«አብረን ልንመጣ ነበር። ደክሞኛል፣ አልሄድም አለችኝ። ትናንት ጠዋት ተሳቢውን ቀጥዬ ወጣሁ፤ ጎረቤቶቼ አይተውኛል።»

«መንገድ ላይ ቆመዋል?»

«የትም።»

ሳጅኑ በተሳቢው ዙሪያ ዞረ። ከኋላ ትርፍ ጎማው፣ ስኮርታው፣ የሚታሰርበት ቦታ ባዶ ነው። «ጎማ ቢፈነዳብዎት ምን ሊሆኑ ነበር?» አለ፣ ወሬ ለማስቀጠል ያህል።

ሚሊሜትር እንባውን በእጁ ጠረገ። ድምፁ ትንሽ ነፍስ ዘራ። «እኔ የተሳቢውን ቸርኬም ጎማም ከመኪናው ጋር አንድ አድርጌዋለሁ። የብሎኑ ቀዳዳ ቁጥሩም ርቀቱም እኩል ነው። ስፋቱም፣ ቁመቱም። አንድ ስኮርታ ለሁለቱም ይሆናል። ብዙ ሰው ይሄን አያስብም፤ ተሳቢ ይገዛና በረሃ ላይ ትንሽ ጎማ ፍለጋ ይንከራተታል። አክስሉንም ለክቼ ነው ያሠራሁት፣ ምክንያቱም ጭቃ ላይ...»

ቆመ። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«ይቅርታ። ምን እያወራሁ ነው?»

የካምፑ ጠባቂ ቃሉን ሰጠ። ሰውየው ትናንት እኩለ ቀን ላይ መኪናውን ከነተሳቢው ይዞ ደርሷል። «ሰው ሲሄድ ነው መኪና የሚያጥበው» ብሎ ሳቀ ጠባቂው። «እሱ ገና እንደደረሰ አጠበ። ንጹሕ ሰው ነው መቼም።»

ሲመለሱ ሳጅኑ መሪውን እየጠመዘዘ ነገሩን ዘጋው። «ባልየው ነጻ ነው። ከቤቱ የወጣው ከነተሳቢው፣ ሐይቁ የደረሰው ከነተሳቢው። ካባው ውስጥ ገብቶ ቢሆን የተሳቢውም ዱካ ይኖር ነበር። ያለው የአንድ መኪና ነው።»

ትክክል ይመስል ነበር።

የነርሷ ወንድም ጎሚስታ ነው። ከሱቁ አጠገብ ባትሪ የሚሸጠው ሰው ለፖሊስ ለመናገር አላመነታም። እህትና ወንድም ከግድያው በፊት በነበረው ቀን ተጣልተዋል። እሷ እያለቀሰች ስትወጣ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ወንድም የለኝም!» ብላለች። በማግስቱ ጠዋት ሱቁ ተዘግቶ አረፈደ።

የወንድምየው ፒክአፕ ጎማ ከካባው ጄሶ ጋር ተመሳከረ። ያው ስፋት፣ ያው ጥርስ።

«ከእህትህ ጋር ለምን ተጣላችሁ?»

«የቤተሰብ ጉዳይ ነው።»

«ምን ዓይነት?»

«የቤተሰብ።»

«ትናንት ጠዋት የት ነበርክ?»

«ቤቴ። ተኝቼ።»

«ማን አየህ?»

«ግድግዳው።»

ሳጅኑ ጠረጴዛውን በጥፊ መታው። «ቀልድ አማረህ?»

ጎሚስታው ጥፍሩ ውስጥ የገባውን ጥቁር ቅባት እየፋቀ አቀርቅሮ ቀረ። ንጹሕ ሰው እንዲህ አያቀረቅርም አለች ኢንስፔክተሯ በልቧ። እንዲታሰርም አዘዘች።

ከቀብሩ በኋላ እናትየው ጣቢያው ድረስ መጡ። ወንበር ሲሰጧቸው አልተቀመጡም።

«ልጄ፣ አንዷን ቀብሬ መጣሁ። ሁለተኛውን አንቺ ልትቀብሪብኝ ነው?»

«እማማ፣ እኔ ማስረጃው ያሳየኝን ነው የምይዘው።»

«እንግዲያው ደግመሽ እይው። እሷ እኮ እሱ ጀርባ ላይ ታዝላ ነው ያደገችው።»

ይህ ማስረጃ አይደለም። ኢንስፔክተሯ ግን የዚያኑ ቀን መዝገቡን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ አነበበችው።

በማግስቱ ለተጨማሪ ጥያቄ ሚሊሜትር ቤት ሄደች። ሐዘንተኛው ግቢውን ሞልቶታል። ከሐይቁ ተመልሶ የቆመው መኪናና ተሳቢ ቦታ ስለያዘ ሚሊሜትር ወደ ውጭ ሊያወጣው ተነሣ። ጠዋት ካፊያ ጥሎ ግቢው ረጥቧል።

መኪናው ተሳቢውን እየጎተተ በቀጥታ ወደ በሩ ሄደ። ኢንስፔክተሯ መሬቱን አየች። ስድስት ጎማ አልፎበታል። ያለው ግን ሁለት መስመር ብቻ ነው። የተሳቢው ጎማ ልክ መኪናው የረገጠውን ረግጦ ሄዷል። አንድ መኪና ብቻ ያለፈ ይመስላል።

ከዚያ መኪናው በሩ ላይ ወደ ግራ ታጠፈ። መስመሮቹም ተለያዩ። ተሳቢው እንደ መኪናው ሰፋ አድርጎ አልዞረም፤ ውስጥ ውስጡን ቆርጦ ለብቻው ዱካ አወጣ።

ሳጅኑም አይቶታል። ፊቱ አመድ መሰለ።

ሚሊሜትር ተመልሶ ሲመጣ ኢንስፔክተሯ ድምፅዋን አልቀየረችም።

«የዚያን ዕለት ያለ ስኮርታ ነው እንዴ የተጓዙት? እንደ እርስዎ ያለ ጠንቃቃ ሰው?»

«እ... ለጥገና ሰጥቼው ነው።»

«ለማን?»

«ለጎሚስታ።»

«ለየትኛው?»

ወደ ሐዘንተኞቹ ዘወር አለ። «ለወንድሟ» አለ፣ እየቀፈፈው።

ተሳቢው መንገድ ዳር ቆሟል። ኢንስፔክተሯ በዚያ በኩል ስታልፍ ጎማዎቹን ዳሰሰቻቸው። የቀኙ ጥርሱ አልቋል። የግራው ገና አዲስ ነው።

ካባው ስትደርስ እየሮጠች ነው የወረደችው። መጀመሪያ ቀን ያዩት ሬሳው አካባቢና መግቢያው ላይ ያለውን ቀጥ ያለ ዱካ ነበር። አሁን ከአሮጌው የድንጋይ መፍጫ ጀርባ ዞረች፤ መኪና ይዞ የገባ ሰው ተመልሶ ለመውጣት የግድ የሚታጠፍበት ቦታ ነው። እዚያ ያዘነበለ ቆርቆሮ ጥላ ሥር ሸክላው ሳይነካ ደርቋል።

ዱካው ተለያይቷል። የመኪናው በውጭ፣ የተሳቢው በውስጥ። የተሳቢው የግራ መስመር ጥርሱ ጥልቅና ስለታም ነው።

«አፈሩ ለስልሶ ነው ብዬ...» አለ ሳጅኑ። ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም።

ጎሚስታውን ከክፍሉ አስመጣችው። በዚህ ጊዜ የጮኸበት የለም። ሳጅኑንም ውጭ እንዲቆይ ነገረችው።

«ስኮርታውን በተሳቢው ግራ ጎማ ቦታ ያሰርከው አንተ ነህ?»

ቀና አለ።

«የተነሣው ቸርኬ ምን ሆኖ ነበር?»

«ተጣሞ።»

«በምን?»

«ድንጋይ መታሁ አለኝ። ጎማው አብሮ ተቀዷል። የጭቃ መከላከያውም ተጨራምቷል። እኔም ስቀጠቅጥ አረንጓዴ ቀለም አየሁበት። ድንጋይ ቀለም የለውም። ግን ዝም አልኩ። የእህቴ ባል ነው፤ ምን ብዬ ልጠይቀው?»

ኢንስፔክተሯ ብዕሯን አስቀመጠች። ባለፈው ወር አንድ ሽማግሌ የትምህርት ቤት ዘበኛ ሳይክሉን እየነዳ ወደ ቤቱ ሲሄድ ተገጭቶ ሞቷል። ገጪው አልተገኘም። ሳይክሉ እዚሁ ጣቢያው መጋዘን ውስጥ አለ። አረንጓዴ ነው።

«እሷ ነገረችህ።»

«ሁሉንም። ከሐይቅ ሲመለሱ ነው። ሽማግሌውን ሲያልፈው ተሳቢው ጠለፈው። ቁም ብላ ጮኸችበት፤ አልቆመም። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አልነበራትም። እኔ ጋ የመጣችው ቸርኬውን ይዤ አብሬያት ፖሊስ ዘንድ እንድሄድ ነው። እኔ... ትዳርሽን አታፍርሺ፣ ሰውየው እንደሆነ አይመለስም አልኳት። ወንድም የለኝም ያለችኝ ለዚህ ነው። ጠዋት ቸርኬውን ልትወስድ እንደምትመጣ ነግራኝ ሄደች፤ ሱቁን ያልከፈትኩት ለዚያ ነው።»

«ከዚያስ?»

መዳፉን ሱሪው ላይ ጠረገ።

«ከዚያ ምን አደረግህ?»

«ደወልኩለት» አለ በመጨረሻ። «ለባሏ። ነገ ጠዋት ከሥራ ስትወጣ ልትናገር ነው፣ እባክህ አረጋጋት አልኩት። አረጋጋት ነው ያልኩት። ሌላ አላልኩም።»

«ለምን እስካሁን አልነገርከኝም?»

«እሱ ነው ካልኩ፣ መንገዱን ያሳየሁት እኔ ነኝ ማለት ነው።» እንባው አፍንጫው ላይ ወረደ። «ሰው ሁሉ እኔን ገዳይ ቢለኝ ውሸት አልመሰለኝም።»

ቸርኬው ከሱቁ ጓሮ፣ ከቁርጥራጭ ብረት ሥር ተገኘ። የነርሷ ጫማ ደግሞ ከተሳቢው ፍራሽ ሥር ካለው መሳቢያ ጀርባ ተሰንቅሮ ተገኘ። ሚሊሜትር መኪናውንም ተሳቢውንም በሐይቅ ውሃ ሙልጭ አድርጎ ያጠበ ሰው ነው። እዚያ ውስጥ ግን አላየም።

መጀመሪያ ካደ። ጫማውን ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጥለት ግን ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ እጁን ዘርግቶ ተረከዙን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ትክክል አደረገው።

«እኔ አልገጨሁትም» አለ። «ሽማግሌውን ማለቴ ነው። መኪናው በደንብ አልፎታል፤ ቦታ ሰጥቼዋለሁ። ተሳቢው ነው የነካው።»

«ተሳቢውን ማን ነው የሚነዳው?»

ሚሊሜትር ጫማውን እንደገና አስተካከለ።

«ሚስትህን የት አገኘሃት?»

«ወደ ወንድሟ ሱቅ በሚወስደው መንገድ ላይ። አስቀድሜ ያሰብኩበት ነገር አይደለም። እንነጋገር ብዬ አሳፈርኳት። ሰው እንዳይሰማን ወደ ካባው ገባሁ። ለመንኳት። ሥራዬን፣ ቤቴን፣ ስሜን ልታጠፊ ነው አልኳት። እሷ የምታወራው ስለ ሽማግሌው ልጆች ብቻ ነው። ስሜ እንኳ አልታያትም። ወርዳ መሮጥ ጀመረች። አንድ ጫማዋ ወልቆ ቀረ፤ በኋላ አንስቼ ተሳቢው ውስጥ ወረወርኩት።» እጆቹን አያቸው። «ዝም እንድትል ብቻ ነበር የፈለግሁት።»

ሳጅኑ ካቴናውን አጠለቀለት።

በነጋታው ኢንስፔክተሯ የዘበኛውን ልጆች አስጠርታ ነገረቻቸው። ታላቅየዋ፣ «ማን ተናገረ?» ብላ ጠየቀች። «አንዲት ነርስ» አለቻት፤ ከዚያ በላይ ማለት አልቻለችም።

ጎሚስታውንም ፈታችው። «በግድያው አትጠየቅም» አለችው። «ለቸርኬው ግን ፍርድ ቤት ትቀርባለህ።»

«እቀርባለሁ።»

እናትየው ከጣቢያው በር ፊት ለፊት ታክሲ አቁመው ይጠብቁታል። ሲያዩት በሁለት እጃቸው አንገቱን አቅፈው አለቀሱ። «መለሰልኝ፣ አንዱን መለሰልኝ» አሉ። እሱ ግን ለማቀፍ እጁን አላነሣም።

«እማዬ።»

«ወዬ፣ የኔ ልጅ።»

«የነገርኩት እኔ ነኝ። ፖሊስ ጋ ልትሄድ መሆኗን ለባሏ የነገርኩት እኔ ነኝ።»

እናትየው ጥቂት እንዳቀፉት ቆዩ። ከዚያ ክንዳቸው ቀስ ብሎ ወረደ። ፊቱን አላዩም። ነጠላቸውን ሰብስበው ወደ ታክሲው ሄዱና የኋላው ወንበር ላይ ተቀመጡ።

ሹፌሩ ሞተሩን አስነሣ። ጎሚስታው መንገዱ ዳር ቆሞ ቀረ።

እናትየው በሩን አልዘጉትም። ወደ ውስጥ ፈቀቅ ብለው ቦታ ለቀቁለት፤ ዓይናቸው ግን በመስኮቱ ወደ ማዶ ነበር።